የእዳ ጣሪያ በህግ ቢታሰር እዳው ይቀንሳል ወይ?

ሰላም ናቹ ውድ አንባቢዎቻችን። የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ያለወትሮው አብዛኛው ስለ መንግስት እዳ ነው፣ የበጀት ሰሞን ስለሆነም ይሆናል ዶላር ስለጨመረም ይሆናል፣ ብቻ ሰዉ ጉዳዩን የራሱ አድርጎታል በጣም ደስ ብሎኛል። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከመጡት አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ስለሚረዝም ቡናቹን ይዛቹ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጊሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ክፍል ውስጥ የአውሮፓ አገሮች የበጀት ጉድለት ከጂዲፒው (አገሩ በዓመት ከሚያመርተው ጠቅላላ ዋጋ) ከ3 በመቶ፣ እዳ ደግሞ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ህግ አላቸው ብዬ ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቲቸር እኛስ እንደዛ አይነት ህግ አውጥተን ለምን አንገላገልም?» አለኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ብዬ አሳደርኩት። እውነት ህጉ ያላቸው አገሮች እዳቸው ዝቅ ያለ ነው?

መልስ፦ ቲቸር ተማሪህን አመስግንልኝ፣ የጠየቀው ኢኮኖሚስቶች ከ30 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩትን ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገርህ፣ እ.አ.አ በ1990 እንደዚህ አይነት በቁጥር የታሰረ ህግ፣ ማለትም ጉድለት ከዚህ አይለፍ፣ እዳ ከዚህ አይለፍ፣ ወጪ በዓመት ከዚህ በላይ አይደግ የሚል ህግ የነበራቸው አገሮች 10 አይሞሉም ነበር፣ በ2021 መጨረሻ ላይ ግን ወደ 105 ደርሰዋል፣ ይሄ አይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) የሚመዘግበው ቁጥር ነው። በነዚህ 30 ዓመታት የዓለም መንግስታት እዳ ቀነሰ ወይ ብትለኝ አልቀነሰም፣ እንደውም ጨመረ። ስለዚ ህግ ወጣ ማለት እዳ ወረደ ማለት አይደለም፣ ለተማሪህ ይሄን አስቀድመህ ንገረው።

ግን በዚህ ብቻ ህጉ ዋጋ የለውም ብሎ መዝጋትም ልክ አይመጣም። ህጉ ያላቸውና የሌላቸው አገሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ጊዜ ህጉ ያላቸው ጉድለታቸው አነስ ብሎ ነው የሚገኘው። ችግሩ ምን መሰለህ፣ እቁብ የሚጥል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ብር አይጠፋም አይደል፣ ግን እቁቡ ነው ቆጣቢ ያደረገው ወይስ ድሮም ቆጣቢ ስለሆነ ነው እቁብ የገባው? አገርም እንደዛው ነው፣ ድሮውንም እዳ የሚፈራ መንግስት ነው ፈጥኖ ህግ የሚያወጣው። አጥኚዎች ይሄን ለመለየት ሲሞክሩ የህጉ ውጤት በጣም ያንሳል አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፣ በደንብ የተቀረፀና የሚጠበቅ ህግ ብቻ ለብቻው ሲታይ ግን ውጤቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ቁጥሩ ሳይሆን ጠባቂው ነው ዋናው የሚል ነው፣ እስኪ በአገሮቹ ታሪክ እንየው።

አንተ የጠቀስከው 3 እና 60 የሚባለው የመጣው እ.አ.አ በ1992 ማስትሪክት በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ከተፈረመው ውል ነው። ህጉ በቅጣት ይጠበቅ ብላ በ1997 የመረጋጋት ስምምነት የሚባለውን እንዲወጣ የገፋችው ጀርመን ነበረች። እና በ2003 ማን ጣሰው? ራሷ ጀርመንና ፈረንሳይ። የሌሎቹ አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ተሰብስበው ቅጣቱን መቀጠል ሲገባቸው ሂደቱን አቆሙት፣ ምክንያቱም ፈራጆቹም ተከሳሾቹም እነሱው ናቸው፣ ዛሬ ጓደኛህን ከቀጣህ ነገ ያንተ ተራ ነው። ከዛ ቀን በኋላ ህጉ ትልልቆቹን እንደማይነካ ሁሉም አወቀ።

ግሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየችን። እ.አ.አ በ2009 መጀመሪያ ላይ የዓመቱ ጉድለት 4 በመቶ አይሞላም እየተባለ ነበር፣ መኸር ላይ የተመረጠው አዲስ መንግስት መዝገቡን ሲከፍተው ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ በኋላ ተጣርቶ ሲያልቅ ከ15 በመቶ አለፈ። አስበው፣ ህጉ ነበረ፣ ቁጥሩ ነበረ፣ ሪፖርቱም በየዓመቱ ይላክ ነበር፣ የጠፋው እውነተኛ ሂሳብ ነው። ህጉ ጠበቅ ባለ ቁጥርና መዛኙ ሩቅ በሆነ ቁጥር መንግስት እዳውን ከመቀነስ ይልቅ መደበቅ ይቀለዋል፣ ይሄን ነጥብ ያዝልኝ፣ ታች ለሽምብጡ ወንድማችን ስመልስ እመጣበታለሁ።

የሰራበት አገር የለም እንዴ ካልክ ስዊዘርላንድ አለች። የእዳ ፍሬን የሚሉትን ህግ እ.አ.አ በ2001 መጨረሻ በህዝበ ውሳኔ ከመራጩ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው አፀደቀው፣ ከ2003 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ። አሰራሩ ደስ ይላል፣ ወጪ ከገቢ ጋር ይታሰራል ግን ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይለቀቃል ሲሞቅ ይጠበቃል፣ ካለፈ ደግሞ ያለፈው ብር የማካካሻ ሂሳብ የሚባል መዝገብ ላይ ይፃፍና በቀጣዮቹ ዓመታት የግድ ይመለሳል፣ ተረስቶ አይቀርም። የፌዴራል መንግስቱ እዳ ያኔ ከ120 ቢሊዮን ፍራንክ በላይ ነበር፣ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በ2019 ከ100 ቢሊዮን በታች ወርዷል። እዚህ ጋ ልብ በል፣ ህጉን ያፀደቀው ህዝቡ ራሱ ነው፣ ስለዚ ፖለቲከኛው ሲጥሰው የሚጥሰው የህዝቡን ቃል ነው።

ጀርመንም በ2009 ህገ መንግስቷ ውስጥ የእዳ ፍሬን አስገባች፣ ፌዴራል መንግስቱ ኢኮኖሚው ደህና ባለበት ዓመት ከጂዲፒው 0.35 በመቶ በላይ እንዳይበደር የሚል። እዳዋ በ2010 ከጂዲፒው 80 በመቶ አልፎ የነበረው በ2019 ከ60 በታች ገባ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ህጉም ጥርስ ነበረው፣ በ2023 ህዳር ላይ የህገ መንግስት ፍርድ ቤታቸው መንግስት ለኮሮና ተፈቅዶ የተረፈውን 60 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ፈቃድ ወደ ሌላ ስራ ማዞሩ ህገ ወጥ ነው ብሎ ሰረዘበት፣ በጀቱ ተናጋ፣ በዓመቱ ጥምር መንግስቱም በዚሁ በገንዘብ ጭቅጭቅ ፈረሰ። ግን ሌላም ዋጋ ከፍለዋል፣ ብድር ሲከለከል መንግስት መጀመሪያ የሚቆርጠው ጮሆ የማይቃወመውን ነው፣ ደሞዝ ብትቆርጥ ሰራተኛ ይጮሃል ድልድይ ግን አይጮህም። ባቡራቸውና ድልድያቸው አረጀ እያሉ ዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው በ2024 መስከረም ድሬስደን ላይ ካሮላ የሚባለው ድልድይ ከፊሉ ኤልበ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፣ የወደቀው ውስጡ ያለው ብረት ተበልቶ ነው፣ ክርክሩን ግን አጋጋለው። በ2025 መጋቢት ላይ ህገ መንግስታቸውን አሻሽለው ለመሰረተ ልማት የ500 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ ከፍሬኑ ውጪ አደረጉ።

እኛ ባሕር ዳር ላይ ይሄ ቶሎ ይገባናል፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ የልጅ ልጆቻችን ይሻገሩበታል፣ እንደዚህ አይነቱን ስራ የዛሬ ግብር ከፋይ ብቻ በአንድ ዓመት ይሸከመው ማለት ፍትሃዊ አይደለም። ለዚህ ነው አንዳንድ አገሮች ለግንባታ ተበደር ለደሞዝና ለነዳጅ ግን አትበደር የሚል ህግ የመረጡት፣ እንግሊዞች እ.አ.አ በ1997 ወርቃማ ህግ ብለው ጀምረውት ነበር። የሱም ችግር ሁሉም ወጪ በአንድ ጊዜ «ኢንቨስትመንት» መባል ይጀምራል፣ ስለዚ ዞሮ ዞሮ እዛው ጠባቂው ጋ ትመለሳለህ።

ለተማሪህ እንግዲህ እንዲህ በለው፣ ህግ አውጥተን እንገላገል ለሚለው መልሱ መጀመሪያ ሂሳቡ ሙሉ ይሁን፣ ሂሳቡን ደግሞ መንግስት ያልሆነ ሰው ያንብበው፣ ከዛ በኋላ ቁጥሩ 50 ይሁን 60 ይሁን እንነጋገራለን። እኛ ጋ ይሄን ስራ በከፊል የሚሰራው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው፣ በህገ መንግስቱ አንቀፅ 101 የተቋቋመ ነው፣ ሪፖርቱን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ሪፖርቱ ሲቀርብ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ክፍል ውስጥ ብታሳያቸው ከመፅሀፉ ይልቅ ብዙ ይማራሉ ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ጀልባ አለኝ፣ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ እንግዳ አመላልስ ነበር። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ በፀጥታው ምክንያት ስራ እንደድሮው አይደለም፣ የባንክ እዳ እንኳ በግድ ነው የምከፍለው። እኔ ያልገባኝ በክፉ ዓመት መንግስትን አትበደር ብሎ በህግ ማሰር ህዝቡን አይጎዳም ወይ? እድሜዬ 61 ነው።

መልስ፦ ጋሼ እርስዎ ጣና ላይ እድሜዎትን የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ከሌላው ይልቅ ለርስዎ ማስረዳት ይቀለኛል። ጨረጨራን ያስታውሱት፣ ዓባይ ከሀይቁ የሚወጣበት ላይ በ1988 ዓ.ም የተሰራው ግድብ፣ ሀይቁ ከባህር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ሆኖ እየተመጠነ ውሃ እንዲለቀቅ ነው የታሰበው። ቁጥር አለው፣ መዝጊያ አለው፣ መለኪያ እንጨት አለው፣ በቃ ልክ እንደ በጀት ህግ ነው። በ1995 ዓ.ም ምን ሆነ? ዝናቡ አነሰ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ሁለተኛው የመብራት ማመንጫ ስራ ስለጀመረ ውሃው እየተለቀቀ ቀጠለ፣ ሀይቁ እስከዛ ድረስ ያልታየ ዝቅታ ላይ ወረደ፣ መርከብ ቆመ፣ ደንገሉ ደረቀ፣ ውሃው የለቀቀውን መሬት ሰዉ ማረስ ጀመረ። እርስዎም ያኔ ጀልባዎን ጭቃ ላይ ሳይጎትቱ አልቀሩም።

አሁን ያንን ዓመት ሳስብ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ በክፉ ዓመት መልቀቅ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ አገር መብራት ያስፈልጋታል፣ ሀይቁም የሚሞላው ለዛ ቀን ነው። ጥፋቱ በደጉ ዓመት ሳይሞላ ሲቀርና በክፉው ዓመት ደግሞ መቼ እንደሚዘጋ ሳይታወቅ ሲለቀቅ ነው። የመንግስት እዳም እንደዛው ነው፣ ጥሩ የሚባሉት ህጎች ሁሉ የክፉ ቀን በር አላቸው፣ ጦርነት፣ ድርቅ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ ህጉ ይላላል፣ አውሮፓም እ.አ.አ በ2020 መጋቢት ኮሮና ሲገባ ህጉን ለጊዜው አንስታዋለች። ልዩነቱ ያለው በሩ ማን ፈቅዶ ይከፈታል፣ መቼስ ይዘጋል የሚለው ላይ ነው።

ቺሊ የምትባለው አገር በዚህ በጣም ታስቀናኛለች። ቺሊ የምትኖረው በመዳብ ነው፣ እኛ በቡና እንደምንለው ማለት ነው። እ.አ.አ ከ2001 ጀምሮ ያወጡት ህግ መንግስት የዚህን ዓመት የመዳብ ዋጋ አይቶ አይበጅት፣ የረጅም ጊዜውን አማካይ ዋጋ አይቶ ይበጅት የሚል ነው፣ አማካዩን የሚገምተው ደግሞ ሚኒስትሩ ሳይሆን ከመንግስት ውጪ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። መዳብ ሲወደድ ህዝቡ አካፍሉን ብሎ ጮኸ፣ መንግስት ግን አስቀመጠው፣ በ2008 መጨረሻ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ተጠራቅሞ ነበር። ዓለም ሁሉ የተናወጠበት 2009 ሲመጣ እነሱ በዋናነት ከራሳቸው ቋት ቀድተው ለህዝባቸው አወጡ።

ጋና ደግሞ እ.አ.አ በ2018 ጉድለት ከጂዲፒ 5 በመቶ አይለፍ የሚል ህግ አወጣች፣ ኮሮና ሲመጣ በ2020 አገደችው፣ ማገዷ አይፈረድባትም፣ ግን ጉድለቱ ከ10 በመቶ በላይ ዘለለና ወደ ህጉ ሳትመለስ በ2022 ታህሳስ ላይ አብዛኛውን የውጭ እዳ መክፈል አልችልም አለች። ህጉ በወጣ በ4 ዓመቱ ማለት ነው። ስለዚ ጋሼ ስጋትዎ ልክ ነው፣ በር የሌለው ህግ ህዝብ ይጎዳል፣ መዝጊያው የማይመለስ በር ደግሞ የባሰ ይጎዳል፣ ምክንያቱም በቀጣዩ ክፉ ዓመት የሚለቀቅ ውሃ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ከፋሲሎ። ክልላችን ራሱ ከውጭ ተበድሮ መንገድ መስራት አይችልም ወይ?

መልስ፦ ከውጭ አይችልም። የህገ መንግስቱን አንቀፅ 51 ንዑስ 7 አንብቢው፣ ገንዘብ የማተምና የመበደር ስልጣን የፌዴራል ነው፣ ክልሎች ከአገር ውስጥ ብቻ ነው መበደር የሚችሉት እሱም ፌዴራል መንግስቱ በህግ በሚወስነው ሁኔታ። ይሄ ራሱ አንድ አይነት የእዳ ህግ ነው፣ በጣም ጠበቅ ያለ። ብራዚል እ.አ.አ በ1990ዎቹ ክልሎቿ ያለገደብ ተበድረው እዳው ዞሮ ማዕከላዊ መንግስቱ ላይ ወድቆባት በ2000 ህግ አውጥታ ነው ያሰረቻቸው፣ ያንን ስታዪ የኛ አንቀፅ ትርጉሙ ይገባሻል። ጉዳቱ ደግሞ ክልል ለትልቅ ስራ የፌዴራልን እጅ መጠበቁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ነው የሚፅፍልኝ። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ዶላር ሲጨምር የመንግስት እዳ ጨመረ ብሎ ሬድዮ ሲያወራ ሰማሁ። ሳይበደር እንዴት ይጨምራል? እሱስ ከኔ በርበሬ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እትዬ ጥያቄዎ ብዙ የተማረ ሰው የሚስተውን ነው የያዘው። በ2007 ዓ.ም አገራችን ከውጭ ገበያ በቦንድ፣ ማለትም የብድር ወረቀት ሸጣ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ነበር፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ። ያኔ አንድ ዶላር 20 ብር አካባቢ ስለነበር እዳው በብር 20 ቢሊዮን ነው። በ2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ያው 1 ቢሊዮን ዶላር 57 ቢሊዮን ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር 120 አለፈ፣ እዳው 120 ቢሊዮን ብር ገባ። አንዲት ዶላር አልተጨመረችም፣ የጨመረው መክፈያው ብር ነው። ስለዚ እዳ ከጂዲፒ ይሄን ያህል በመቶ አይለፍ የሚል ህግ ቢኖረን ኖሮ መንግስት ምንም ሳይበደር በአንድ ክረምት ሊጥሰው ይችል ነበር፣ በዶላር ለተበደረ አገር እንደዚህ አይነት ህግ ሲቀረፅ ይሄ ካልታሰበበት ህጉ ገና ከመወለዱ ይሞታል። የዚሁ ቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር በታህሳስ 2016 ሳይከፈል ቀርቶ ነው ኢትዮጵያ እዳ አልከፈለችም የተባለው፣ በኋላ በመጋቢት 2017 በቻይናና በፈረንሳይ ከሚመራው የመንግስታት አበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነውን ለማሸጋሸግ በመርህ ተስማምተዋል።

ከበርበሬዎ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ይሄ ነው። መንግስት ጉድለቱን ለመሙላት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር አዲስ ብር ወደ ገበያ ይገባል፣ በርበሬው ያው በርበሬ ነው የሚያሳድደው ብር ግን በዛ፣ ዋጋ ይወጣል። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ አንድ ገደብ አወጣ፣ መንግስት በዓመቱ በቀጥታ የሚወስደው ካለፈው ዓመት ከሲሶው እንዳይበልጥ የሚል። ባንኮችም ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ታዘዙ፣ እርስዎም ያኔ ባንክ ሄደው ብድር የለም ተብለው ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው። የዋጋ ንረቱ ያኔ ወደ 29 በመቶ ተጠግቶ ነበር፣ በሰኔ 2016 ከ20 በመቶ በታች ወረደ። ገደቡ ብቻውን ነው ያወረደው አልልም፣ ግን በገዛ አገራችን አንድ ግልፅ ቁጥር ተቀምጦ ሲጠበቅ ለውጥ እንዳለው ያየሁበት ስለሆነ እወደዋለሁ። ከአይኤምኤፍ ጋር በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም ይሄንኑ ቀጥታ ብድር ማቆምን ይዟል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። መንግስት ከብሔራዊ ባንክ አትውሰድ ሲባል ወደ ሌሎቹ ባንኮች ይዞራል፣ ከ2015 ጀምሮ ባንኮች አዲስ ከሚያበድሩት 20 በመቶውን የሚያህል የመንግስት ቦንድ እንዲገዙ ተደርገው ነበር፣ ያ ብር ለርስዎና ለመሰሎችዎ ሊበደር የሚችል ብር ነው። አንዱን በር ሲዘጉት በሌላኛው ይገባል፣ ስለዚ ገደቡ ሁሉንም በር ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ ነው የምፅፈው። በማህበር ተደራጅተን ኮብልስቶን እናነጥፋለን። ለአንድ መስሪያ ቤት ስራ ሰርተን አስረክበን ርክክብ ተፈርሞ ክፍያው ግን በጀት አለቀ እየተባለ ከአምና ጀምሮ ይኸው አልተከፈለንም። 14 ሰው ነን፣ ድንጋይ ያመጣልን ሰውዬም ከኛ ያልተከፈለው ብር አለው። መንግስት እዳዬ ይሄን ያህል ነው ሲል የኛም ይቆጠራል?

መልስ፦ ወንድሜ ደብዳቤህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም መልሱ አይቆጠርም ነው። የመንግስት የእዳ መግለጫ ውስጥ የሚገባው ውል ተፈርሞ የተወሰደ ብድር ነው፣ የቦንድ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ (የአጭር ጊዜ ብድር)፣ የውጭ ብድር። እናንተ ጋ ያለው ግን ብድር አይባልም እንጂ ያው ብድር ነው፣ መንግስት ጉልበታቹን ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፣ እናንተም ከድንጋይ አቅራቢው ተበደራቹ። 

የኛ የመንግስት ሂሳብ አያያዝ ደግሞ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ነው ወጪ ብሎ የሚመዘግበው። ብሩ ካልወጣ ወጪው ብዙ ጊዜ አልታየም። አሁን ላይ ላዩን ጉድለት ከዚህ አይለፍ የሚል ጠንካራ ህግ ብናወጣ አንድ የበጀት ኃላፊ ህጉን ለማክበር በጣም ቀላሉ መንገድ ምንድነው? ለናንተ አለመክፈል ነው። ወረቀቱ ላይ ጉድለቱ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ 14 ቤተሰብ ግን በባዶ ያድራል። ለመምህሩ ከላይ ያዝልኝ ያልኩት ነጥብ ይሄ ነው፣ ግሪክ በወረቀት የደበቀችው ሌላ ቦታ በናንተ ኪስ ይደበቃል። ውዝፍ ክፍያን የማይቆጥር የእዳ ህግ ሲፀድቅ ማየት አልፈልግም፣ በግልፅ የምናገረው ነገር ነው።

ትልቁም እዳ እንዲሁ ሲደበቅ አይተናል። የስኳር ፋብሪካ፣ የመብራት ኃይል፣ የባቡር ብድር ለዓመታት የመንግስት የልማት ድርጅቶች እዳ እየተባለ ከበጀቱ ውጪ ነበር፣ አብዛኛው የአገር ውስጡ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተወሰደ ነው። ድርጅቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው በ2013 ዓ.ም የእዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ እዳቸውን ወሰደ፣ በ2017 ደግሞ ፓርላማው ባንኩን ለመታደግ እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግስት ቦንድ እንዲወጣ አፀደቀ። እዳው በዛ ቀን አልተፈጠረም፣ ድሮም ነበረ፣ የመንግስት መዝገብ ላይ የተፃፈው ግን ያኔ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በየጊዜው የሚያወጣው የእዳ መግለጫ ላይ የማዕከላዊ መንግስቱና የልማት ድርጅቶቹ ለየብቻ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱን ደምሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለናንተ ደግሞ አሁን የምትችሉትን ልንገርህ። የርክክብ ሰነዱን፣ ውሉንና የክፍያ መጠየቂያውን ኮፒ አድርጋቹ ለመስሪያ ቤቱ ኃላፊ በደብዳቤ አስገቡ፣ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን አስፅፉ፣ በቃል የተነገረ ነገር ሰኔ ላይ ማንም አያስታውሰውም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው ስለዚ ከዛ በፊት ፋይናንስ ክፍሉ ሂሳባቹን ተከፋይ ብሎ እንዲይዝላቹና ለሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ እንዲካተት በፅሁፍ ጠይቁ፣ ግልባጭ ለከተማው ገንዘብ መምሪያና ለክልሉ ዋና ኦዲተር አድርጉ። ኦዲተር መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍት የናንተ ደብዳቤ ካለ እዳው አለ፣ ደብዳቤው ከሌለ ግን እሱም ቢሆን ሊያየው አይችልም። ድንጋይ አቅራቢያቹንም አብራቹ ይዛቹት ሂዱ፣ የሱንም መጠን በደብዳቤው ላይ ጥቀሱት። ምን እንዳሏቹ በሚቀጥለው ወር ፃፍልኝ።